ነጩ ድብ ጥቁር ሆኖ ሲታይ

በምሥራቅ ካናዳ የብርዱ ወራት ሊያበቃ ሲል አቆስጣዎች ከባሕሩ ወጥተው ተንሳፋፊ በረዶ ላይ ይወልዳሉ። የሚወለደው ግልገል ፀጉሩ ነጭ ነው። ከአውሮፕላን ቁልቁል የሚያይ ሰው እናቱን በጥቁር ነጥብነቷ ይለያታል እንጂ አጠገቧ የተኛውን ልጅ አያገኘውም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እነዚህ ግልገሎች ለፀጉራቸው ሲባል በብዛት ይታደኑ ስለነበር ስንት እንደቀሩ ማወቅ ግድ ሆኖ ነበር። የማይታይ ነገር ግን እንዴት ይቆጠራል?

ዴቪድ ላቪን እና ኒልስ ኦሪትስላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች መላ አመጡ። በካሜራቸው ላይ ዓይናችን የሚያየውን ብርሃን የሚያግድ፣ አልትራቫዮሌት ጨረርን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ገጠሙ። ፊልሙ ሲታጠብ በረዶው እንደ ወትሮው ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ግልገሎቹ ግን ከሰል መስለው፣ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ ሆነው ታዩ። በዚሁ ዘዴ የዋልታ ድብ ቢያነሡ እሱም ጥቁር ሆኖ ወጣ። ውጤቱ በ1974 ታተመ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ እንስሳት መሸሸግ ማስተማር የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠቅሰው ይህን ድብ ነው። በረዶው ነጭ፣ ድቡም ነጭ፤ ስለዚህ አይታይም። ለማን ነው የማይታየው ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። የድቡ ነጭነት የተመሰከረው በእኛ ዓይን ነው። ድቡ የሚያድናቸው እንስሳት በሌላ ዓይን የሚያዩ ከሆነ ደግሞ ምስክርነታችን ለእነሱ ምንም አይጠቅማቸውም። በዚህ ምዕራፍ የምንከተለው የእነዚያን፣ የታዳኞቹን ዓይን ነው።

የሰው ዓይን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር የሚደርሰውን ነው። ቀዩ በረጅሙ ጫፍ፣ ሐምራዊው በአጭሩ ጫፍ ይገኛል። ከሐምራዊው ወዲያ ሌላ ብርሃን፣ ማለትም አልትራቫዮሌት፣ እንዳለ ያወቀው ጀርመናዊው ዮሐን ቪልሄልም ሪተር ነው። በ1801 በየና ከተማ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ፣ ብርሃን ሲነካው የሚጠቁረውን ሲልቨር ክሎራይድ በየቀለሙ ላይ አኖረ። ይበልጥ የጠቆረው ምንም ቀለም በማይታይበት፣ ከሐምራዊው ባሻገር ባለው ባዶ ቦታ ላይ ያለው ሆነ። ይህን ብርሃን የሚያይ ፍጡር እንዳለ እስኪታወቅ ድረስ ደግሞ ሰማንያ ዓመት ያህል አለፈ። እንግሊዛዊው ጆን ለቦክ ጉንዳኖችን በየቀለሙ በተከፋፈለ ብርሃን ሥር ሲያኖራቸው፣ እሱ ጨለማ ሆኖ ከሚያየው የአልትራቫዮሌት ክፍል ልጆቻቸውን ተሸክመው ሲሸሹ አስተዋለ።

እኛን ከዚህ ብርሃን የሚጋርደን የገዛ ዓይናችን ሌንስ ነው። በሞራ ምክንያት ሌንሳቸው የወጣላቸውና መከላከያ ያለው ሰው ሠራሽ ሌንስ ያልተተካላቸው ሰዎች የተወሰነውን አልትራቫዮሌት ነጣ ያለ ሰማያዊ አድርገው ያዩታል። ብርሃን የሚቀበለው የዓይናችን ጀርባ፣ ረቲናችን፣ ከነጭራሹ ዕውር አይደለም፤ በሩ ስለተዘጋበት ነው። መዘጋቱ ጥቅም አለው። ጨረሩ ሕዋሳትን ይጎዳል፤ ከዚያም በላይ አጭር ሞገድ ዓይን ውስጥ ሲገባ ስለሚበተን ምስልን ያደበዝዛል። ይህችን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

በዋልታው ጨለማ

በሰሜን ኖርዌይ በምትገኘው ትሮምሶ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር አጋማሽ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም። ቀን የሚባለው ጥቂት ሰዓት የሚቆይ ደብዛዛ ሰማያዊ ወጋገን ነው። ፀሐይዋ ከአድማስ በታች ስለሆነች ምድር ላይ የሚደርሰው በከባቢ አየር የተበተነ ብርሃን ነው፤ የተበተነ ብርሃን ደግሞ ሰማያዊና አልትራቫዮሌት ይበዛበታል። ሣርና አፈር የሚያርፍባቸውን አልትራቫዮሌት ከ10 በመቶ በታች ሲመልሱ፣ አዲስ የወረደ በረዶ 80 በመቶና ከዚያም በላይ ይመልሳል። እንግዲህ እዚያ የሚኖር እንስሳ ከላይም ከታችም በዚህ ጨረር ተከብቦ ነው ወራቱን የሚያሳልፈው።

ሬይንዲር የሚኖረው እዚህ ነው። የሳሚ ሕዝቦች ለዘመናት ሲያረቡት፣ ሲያልቡትና ሲጭኑት የኖሩት ቀንዳም እንስሳ ነው። ተኩላ ይበላዋል፤ በስቫልባርድ ደሴቶች ደግሞ ተኩላ ስለሌለ የዋልታ ድብ ይመጣበታል። በ2011 የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪ ግሌን ጄፈሪ ከትሮምሶ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የሬይንዲርን ዓይን መረመረ። ያገኙት ነገር ማንም የጠበቀው አልነበረም፤ ኮርኒያውም ሌንሱም አልትራቫዮሌትን ያሳልፋሉ። በማደንዘዣ በተኙ እንስሳት ዓይን ላይ ጨረሩን ሲያበሩ ረቲናው የኤሌክትሪክ ምላሽ ሰጠ። የእንስሳው የማየት ክልል እስከ 320 ናኖሜትር አካባቢ ይዘልቃል። ለዚህ ተብሎ የተፈጠረ ልዩ ተቀባይ ሕዋስ አላገኙም። እኛ ላይ የተዘጋው በር እነሱ ላይ ክፍት መሆኑ ብቻ በቂ ሆኗል።

ተመራማሪዎቹ ከዚያ ካሜራቸውን ወደ ሜዳው አዞሩና ሬይንዲር በዚህ ብርሃን ምን ሊያይ እንደሚችል ጠየቁ። ሦስት ነገሮች ጨረሩን ውጠው ከነጩ በረዶ ላይ ጠቁረው ታዩ። አንደኛው ላይከን የሚባለው የድንጋይ ሽበት ነው፤ በብርዱ ወራት የሬይንዲር ዋና ምግብ። ሁለተኛው ሽንት ነው፤ የመንጋው ወይም የአዳኝ ምልክት። ሦስተኛው ፀጉር ነው። ላቪን እና ኦሪትስላንድ ከሠላሳ ሰባት ዓመት በፊት በፊልም ያዩት ነገር፣ አንድ ታዳኝ እንስሳ ዘወትር የሚያየው ሊሆን እንደሚችል ያኔ ግልጽ ሆነ። ለእኛ ከበረዶው ጋር የተመሳሰለ ተኩላ በዚያ ብርሃን ጥላው የጎላ፣ ዳር ዳሩ የለየ አካል ነው።

በስቫልባርድ፣ ኤድገ በምትባለው ደሴት ላይ የተደረገ አንድ ሙከራ እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባዋል። ሁለት ኖርዌያውያን፣ አይጊል ራይመርስ እና ሲንድሬ ኤፍተስቶል፣ ሬይንዲሮቹ ድብን እንደ ጠላት ይቆጥሩት እንደሆነ ለማወቅ ፈለጉ። አንድ ሰው ጠቆር ያለ የእግር ጉዞ ልብስ ለብሶ ወደ እንስሳቱ ይጠጋል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ነጭ ለብሶ፣ ድብ መስሎ ይጠጋል። ድብ መስሎ የመጣውን ከሩቁ አይተው፣ ከሰው ከሚሸሹበት ርቀት ከሁለት እጥፍ በላይ በሆነ ርቀት ላይ መሸሽ ጀመሩ። በ2012 የታተመው ይህ ጥናት ስለ አልትራቫዮሌት የተሠራ አይደለም፤ እንደዚያ አድርገው የሚጠቅሱት ሰዎች ከሚናገረው በላይ ያናግሩታል። የሚያስረዳን የድቡ ነጭነት ለሬይንዲር ተራ ነገር አለመሆኑን ነው። አድፍጦ ይመጣል የሚባለው አዳኝ ከሩቅ ይታወቃል።

የሬይንዲር ዓይን ሌላም ያልተጠበቀ ነገር ይዟል። ሌሊት ባትሪ ሲበራባቸው የከብት፣ የድመትና የጅብ ዓይን መልሶ እንደሚያበራ ሁላችንም አይተናል። የሚያበራው ከረቲናው ጀርባ ያለ ታፔተም የሚባል አንጸባራቂ ሽፋን ነው። ብርሃን ረቲናውን አልፎ ሲሄድ መልሶ ስለሚወረውረው ዓይኑ ያመለጠውን ለማየት ሁለተኛ ዕድል ያገኛል። በሌሎቹ እንስሳት የታፔተሙ ቀለም ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው። ካርል አርነ ስቶካን፣ ጄፈሪና ጓደኞቻቸው ሳሚዎች ለምግብ ካረዷቸው ሬይንዲሮች ዓይን እየወሰዱ ሲያነጻጽሩ ግን፣ በበጋ የታረደው ወርቃማ፣ በብርድ ወራት የታረደው ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ አገኙት። ይህ በ2013 ታተመ።

እንዴት ይለወጣል? በጨለማው ወራት የዓይን ብሌን ለሳምንታት ሳይጠብብ ተከፍቶ ይቆያል። በዚህ ምክንያት ከዓይን ውስጥ ፈሳሽ እንደ ልብ አይወጣም፤ ግፊቱ ይጨምራል። ግፊቱ ታፔተሙ የተሠራባቸውን የኮላጅን ክሮች ያጠጋጋቸዋል። በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብ የሚያንጸባርቁት ብርሃን ከወርቃማ ወደ ሰማያዊ፣ ማለትም ወደ አጭሩ ሞገድ ይዞራል። ሰማያዊው ታፔተም ብርሃኑን በቀጥታ ከመመለስ ይልቅ ዓይን ውስጥ ስለሚበትነው ብዙ ሕዋሳት ይጋሩታል። ውጤቱ ደብዛዛ ግን እጅግ ንቁ የሆነ ዓይን ነው። እንስሳው የምስሉን ጥራት ሰጥቶ በጨለማ ውስጥ የሚንቀሳቀስን ነገር የማወቅ አቅም ገዛ። አንድ ዓይን በዓመት ሁለት ጊዜ ራሱን ለተለያየ ብርሃን ሲያስተካክል የታወቀው እዚህ እንስሳ ላይ ነው። እኔ በበኩሌ ከዚህ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ አስታውስ ብባል የማስታውሰው ይህን ነው።

የሚቀር ጥያቄም አለ። የዋልታ አካባቢ ሰዎች በረዶ የሚመልሰው ጨረር ዓይናቸውን እንዳያቆስለው ከአጥንትና ከእንጨት ጠባብ ስንጥቅ ያለው መከለያ ሠርተው ያደርጉ ነበር። ሬይንዲር ግን ያንኑ ጨረር ዕድሜውን ሙሉ ዓይኑ ውስጥ ሲያስገባ አይታወርም። የሚከላከለው ምን እንደሆነ እየተጠና ነው፤ መልሱ ለሰው ዓይን ሕክምና የሚበጅ ሊሆን ይችላል።

ጥርት ወይስ ስፋት

አሁን ቀድሞ በልብ ወደ ተያዘችው ነጥብ እንመለስ። በ2014 ሮን ዳግላስ እና ጄፈሪ የ38 አጥቢ እንስሳት ሌንስ የቱን ያህል አልትራቫዮሌት እንደሚያሳልፍ ለኩ። ያሳላፊዎቹ ዝርዝር ከተገመተው በላይ ረዘመ፤ ጃርት መሰል ትንንሽ እንስሳት፣ ድመት፣ ውሻ፣ ኦካፒ ሁሉ አሉበት። ጨረሩን የሚዘጉት ደግሞ በቀን ብርሃን አጥርተው ማየት የሚሹት ናቸው፤ ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሽኮኮ መሰል የዛፍ እንስሳት፣ እኛም ጭምር። ጥርት ያለ ምስል የፈለገ አጭሩን ሞገድ ያስወጣል፤ ብርሃን የቸገረው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ያስገባል።

ይህ ጥናት ታሪኩን እንዳናቀለው ያስገድደናል። ውሻ ከተኩላ ዘር ነው፤ የውሻ ሌንስ ካሳለፈ ተኩላም ይህን ብርሃን ሳያይ አይቀርም። ታዳኝ ያያል፣ አዳኝ አያይም ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። ልዩነቱ ያለው ብርሃኑ ለማን እንደሚያደላ ላይ ነው። በረዶ ላይ የቆመ ተኩላ ራሱ ቢያይም ባያይም ፀጉሩ ጨረሩን ይውጣል፤ ፀጉሩ በሚታይበት ዓይን ፊት መሸሸጊያ የለውም።

የአይጥ ሰማይ

አንድ እንስሳ ምን ያያል ብለን ከመገመት አልፈን በሚታየው ነገር ምን እንደሚያደርግ በግልጽ የታወቀው በአይጥ ላይ ነው። ይህች በየቤታችን ጓዳ የምትመላለሰው አይጥ ናት፤ የላቦራቶሪዋም አይጥ ከእሷው ዘር ወጥታለች። በ1991 ጄራልድ ጄከብስና ጓደኞቹ አይጥን ጨምሮ በአንዳንድ ቆርጣሚ እንስሳት ረቲና ውስጥ ለአልትራቫዮሌት ብቻ የተሠራ ተቀባይ ሕዋስ እንዳለ አሳዩ። ከሬይንዲሩ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የአይጧ ሕዋስ ከፍተኛ ምላሹን የሚሰጠው በ360 ናኖሜትር ገደማ፣ በእኛ ፍጹም ጨለማ ክልል ውስጥ ነው።

እነዚህ ሕዋሳት ረቲናው ላይ እኩል አልተበተኑም። የሚበዙት በታችኛው ግማሽ ነው። ዓይን ምስልን ገልብጦ ስለሚቀበል የረቲናው ታችኛው ክፍል የሚያየው ላይ ላዩን፣ ማለትም ሰማዩን ነው። መሬቱን የሚያየው የላይኛው ክፍል ግን ለአረንጓዴ ይበልጥ ንቁ ነው። አይጥ ምግቧን ከታች፣ ሞቷን ከላይ የምትጠብቅ ፍጡር ናት፤ ዓይኗም ለሁለት የተከፈለው በዚሁ ልክ ነው።

ሰማይ ደግሞ በአልትራቫዮሌት ደማቅ ነው። አየር አጭር ሞገድን አብዝቶ ስለሚበትን ከእያንዳንዱ የሰማይ ክፍል ጨረር ይወርዳል። በዚያ ደማቅ ጀርባ ላይ የሚያልፍ ጭልፊት ጥቁር ነጥብ ነው። በ2013 የጀርመን ቱቢንገን ተመራማሪዎች፣ ቶም ባደንና ቶማስ ኦይለር ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በታችኛው ረቲና ያሉት ሕዋሳት ብርሃን ሲጨምር ከሚሰጡት ምላሽ ይልቅ ሲቀንስ የሚሰጡት የጠነከረ መሆኑን አሳዩ። ሕዋሱ የተሠራው ጨለማ ነጥብን ከብሩህ ሰማይ ለመለየት ነው።

በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ መሊስ ዪልማዝ እና ማርከስ ማይስተር አይጥ በምትኖርበት ሣጥን ላይ ስክሪን ሰቀሉና እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ክብ አሳዩዋት፤ ተወርውሮ የሚወርድ አሞራ በአይጥ ዓይን የሚመስለው ይህንን ነው። በላቦራቶሪ ተወልዳ ያደገች፣ ሰማይም አሞራም አይታ የማታውቅ አይጥ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ወደ መጠለያዋ መሸሽ ጀመረች ወይም ባለችበት ደርቃ ቀረች። ክቡ ከሥር ሲታይ ይህ አልሆነም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ቡድን ጉዳዩን አጠራው፤ ትንሽ ክብ ከላይ በኩል ተሻግራ ስታልፍ አይጧ ትደርቃለች፤ ክቡ ሲሰፋ ትሮጣለች። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ከሩቅ የሚያንዣብብ አሞራ ገና አላያትም፤ ከተንቀሳቀሰች ያያታል። የሚሰፋው ግን ወደ እሷ እየወረደ ያለ ነው፤ መድረቅ አያድናትም። ይህን ምርጫ ማንም አላስተማራትም።

የጭልፊቱ ታሪክ

በአዳኝ በኩል የሚነገረውን ታሪክ ደግሞ ሳላነሣ ብቀር ደግ አይሆንም፤ በየመጽሐፉ ሰፍሯልና። በ1995 የፊንላንድ ተመራማሪዎች፣ ቮል የምትባለው የሜዳ አይጥ መንገዷን ስታልፍ የምትጥለው ሽንት በአልትራቫዮሌት ስለሚታይ ጭልፊት መሰሉ ኬስትሬል ከላይ ሆኖ ዱካዋን እያነበበ ያድናታል ብለው ጻፉ። ታሪኩ ማረከ፤ በመማሪያ መጻሕፍትና በፊልሞች ዓለምን ዞረ። በ2013 ግን ኦሌ ሊንድ እና የስዊድን ባልደረቦቹ የነዚህን ወፎች ዓይን ለክተው ሌንሳቸው የሚያሳልፈው አልትራቫዮሌት ትንሽ መሆኑን፣ ሽንቱም ከሣሩ ጎልቶ የሚለይ አለመሆኑን አገኙ። አሞራና ጭልፊት ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ጥርት ነው፤ አጭሩን ሞገድ መዝጋታቸውም ከዚያ ጋር ይስማማል።

በዚህ ረገድ ከጭልፊቱ ይልቅ የተሻለ ዓይን ያላቸው እሱ የሚበላቸው ትንንሾቹ ዘማሪ ወፎች ናቸው። ብዙዎቹ አልትራቫዮሌትን በደንብ ያያሉ። በ2005 በስዊድን ኡሎፍ ሆስታድና ጓደኞቹ የላባዎቻቸውን ቀለም በሁለቱም ዓይን አስልተው፣ ወፎቹ ለወገናቸው ጎልተው ለአዳኞቻቸው ግን ደብዝዘው እንደሚታዩ አሳዩ። ለትዳር ጓደኛው የሚያጌጥ ወንድ ወፍ ጌጡን ጠላቱ በቅጡ በማያየው ብርሃን ያወጣዋል ማለት ነው።

ብርሃኑ ወጥመድ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በአውስትራሊያ አበባ ላይ ተቀምጣ ንብ የምትጠብቅ ነጭ ሸረሪት አለች። ለሰው ዓይን ከነጩ አበባ አትለይም፤ በአልትራቫዮሌት ግን ጎልታ ታበራለች፤ ንብ ደግሞ የሚያበራ አበባ ይስባታል። ከአውሮፓ የመጣችው የማር ንብ ሄዳ ታርፍባታለች። ከሸረሪቷ ጋር በአንድ አገር የኖሩት የአውስትራሊያ ንቦች ግን ተስበው ይቀርቡና ከማረፋቸው በፊት ይመለሳሉ። ሁለቱም ንቦች ያንኑ ብርሃን ያያሉ፤ የአገሬው ንብ ግን ትርጉሙን ያውቀዋል።

ብልጭ የሚለው መስመር

ከዚህ ሁሉ እኛን በቀጥታ የሚነካ አንድ ነገር አለ። በኖርዌይ የሬይንዲር መንጋዎች ባለ ከፍተኛ ቮልቴጅ የኤሌክትሪክ መስመር ካለበት አካባቢ ሲርቁ ታይተዋል፤ ሥራው ካለቀ፣ ማሽኑም ሠራተኛውም ከሄደ ከዓመታት በኋላ እንኳ። ሽቦው አይንቀሳቀስም፤ አይነካቸውም፤ ሥሩም ሣር ይበቅላል። በ2014 ኒኮላስ ታይለር፣ ጄፈሪና ሌሎች አንድ ማብራሪያ አቀረቡ። በእነዚህ መስመሮች ላይ ኤሌክትሪክ ወደ አየር ሲያፈተልክ ኮሮና የሚባል ብልጭታ ይፈጠራል፤ ብልጭታው በአብዛኛው አልትራቫዮሌት ነው። ለእኛ ሽቦው ጨለማ ነው። ብሌኑ ለተከፈተ፣ ታፔተሙ ሰማያዊ ለሆነ ዓይን ግን ተራራውን አቋርጦ የሚያልፍ፣ ያለ ሥርዓት ብልጭ ድርግም የሚል የብርሃን መስመር ነው። አዳኝን ቶሎ ለማየት የተሠራ ዓይን እንዲህ ያለውን ነገር ቢሸሸው አይገርምም።

ማብራሪያው ገና አልጸናም። መንጋዎች መስመርን ብዙም ሳይሸሹ የተገኙባቸው ጥናቶች አሉ፤ መሬቱ፣ ወቅቱና የመንጋው ልማድ ሁሉ ይለያያል። ለመመርመር ግን የጎደለ መሣሪያ የለም። የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች የተበላሸ ኢንሱሌተር ለማግኘት ኮሮናን የሚያሳይ ካሜራ ድሮውንም ይጠቀማሉ። አዲስ መስመር በዱር እንስሳት መሬት ላይ ሲታቀድ፣ የሚወጣው ጨረር ምን ያህል እንደሆነና የአካባቢው እንስሳት ያዩት እንደሆነ አስቀድሞ ይለካ፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚጽፍ ሰውም የራሱ ዓይን ስላላየው ብቻ ብርሃን የለም ብሎ አይፈርም።